የአውስትራሊያ ባሕር ኃይል አባት አድሚራል ክሬስዌል

አንድ አገር ጠረፉን በሌላው መርከብ ማስጠበቅ ይችላልን? ይህ ጥያቄ ከ1880ዎቹ ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ በአውስትራሊያ ምክር ቤቶችና አድሚራልቲ በተባለው የለንደን የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሲያከራክር የቆየ ሲሆን፣ ክርክሩን ያለመታከት ካካሄዱት ሰዎች ዋነኛው ዊሊያም ሩክ ክሬስዌል የተባለው የባሕር መኮንን ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሬስዌል ጁላይ 20 ቀን 1852 በጂብራልታር ተወለደ። አባቱ የፖስታ አገልግሎት ሹም ነበር። ልጁ ገና በ13 ዓመቱ በዕጩ መኮንንነት ወደ እንግሊዝ ባሕር ኃይል ገባ። በ1873 በማላያ ጠረፍ ከባሕር ወንበዴዎች ጋር ሲዋጋ ቆስሎ የሌፍተናንትነት ማዕረግ አገኘ።

ቀጥሎ ያገለገለው በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነው። የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ በ1873 በእንግሊዞች ግፊት የባሪያ ገበያውን ለመዝጋት ከተስማማ በኋላ፣ ለንደን የተባለች አሮጌ የጦር መርከብ በዛንዚባር ወደብ መልሕቋን ጥላ ትጠብቅ ነበር። ይሁን እንጂ ባሪያ የጫኑትን ሳምቡኮች የሚያሳድዱት ከእርሷ የሚወርዱት ትናንሽ ጀልባዎች ነበሩ። ሳምቡክ ጥልቀት በሌለው ውሃና በደሴቶች መካከል ሾልኮ ሲሄድ ትልቅ መርከብ ሊከተለው እንደማይችል የቀይ ባሕር ነዋሪ ሊነገረው አያሻም። ክሬስዌል የእነዚህን ጀልባዎች ቡድን አዝዟል። ጠረፉን የሚያውቅ ትንሽ ኃይል ትልቁ የማይችለውን እንደሚሠራ ያመነው በዚህ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ሕመም ጸናበትና ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ የዕድገት ተስፋው የመነመነ ስለመሰለውም በ1878 ሥራውን ለቀቀ። በተከታዩ ዓመት ከብት አርቢ ለመሆን ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ።

በዚያን ጊዜ አውስትራሊያ አንድ አገር አልነበረችም። የየራሳቸው መንግሥት ያላቸው ስድስት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ነበሩ። ባለቤት የነበረው ነባር ሕዝብ ምድሩን ተነጥቆ ሳለ፣ ነጣቂዎቹ ደግሞ ሌላ ነጣቂ በባሕር ይመጣብናል ብለው ይሠጉ ነበር። በተለይ የሩሲያ የጦር መርከቦች ወደቦቻቸውን እንዳይደበድቡ ፈሩ። በ1865 በለንደን የወጣው ሕግ ቅኝ ግዛቶች የራሳቸውን የጦር መርከብ እንዲይዙ ስለፈቀደላቸው፣ ቪክቶሪያ ሰርቤረስ የተባለችውን ብረት ለበስ በ1871 ተረከበች። ኩዊንስላንድና ደቡብ አውስትራሊያም በ1880ዎቹ የየራሳቸውን መርከብ ገዙ።

መርከብ መግዛት ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው ማን ያዛታል የሚለው ነው። በ1888 ጋዩንዳ የተባለችው የኩዊንስላንድ መርከብ አዛዥ ከመንግሥቱ ጋር ተጣልቶ ሲሻር፣ እኔ የምታዘዘው ለአድሚራልቲ ነው በማለት መርከቧን አላስረክብም አለ። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በገዛ ገንዘቡ ወደ ገዛት መርከብ ፖሊስ እስከ መላክ ደረሰ። ለወታደር ከዚህ የበለጠ አሳፋሪ ነገር ማሰብ ያዳግታል።

ክሬስዌል በ1885 ከከብት እርባታው ተጠርቶ በደቡብ አውስትራሊያ ብቸኛ የጦር መርከብ በፕሮቴክተር ላይ ተመደበ። ፕሮቴክተር ክብደቷ 920 ቶን ያህል ሲሆን፣ አንድ ባለ 8 ኢንችና አምስት ባለ 6 ኢንች መድፎች ነበሯት። በ1893 የዚያው ቅኝ ግዛት የባሕር ኃይል አዛዥ ሆነ። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ስለነበረ የየቅኝ ግዛቱ ባሕርተኞች ተቀነሱ፤ መርከቦችም ያለ በቂ ሰው ቆሙ።

ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣው ግን የ1887ቱ ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት ቅኝ ግዛቶቹ በየዓመቱ 126,000 ፓውንድ ለአድሚራልቲ ሊከፍሉ፣ አድሚራልቲም በእንግሊዝ መርከበኞች የሚነዱ መርከቦችን በአውስትራሊያ ባሕር ሊያኖር ተዋዋሉ። ለክሬስዌል ይህ የቤት ኪራይ እንደ መክፈል ያለ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘቡ ይሄዳል፣ አንድም የአገሩ ልጅ የመድፍ ተኩስ ወይም የሞተር ሥራ አይማርም። ሐሳቡን በጽሑፍና በሪፖርት ደጋግሞ አሰማ። የለንደን አድሚራሎች በበኩላቸው ባሕር አንድ ስለሆነ አዛዡም አንድ መሆን አለበት፣ የተበታተነ ትንሽ ኃይል የጠላት ሲሳይ ነው ይሉ ነበር። ክርክራቸው ከወታደራዊ ጥበብ አንጻር ቀላል አልነበረም።

በ1900 ክሬስዌል የኩዊንስላንድ አዛዥ ሆኖ ሳለ፣ ፕሮቴክተርን እየመራ የቦክሰሮችን ዐመፅ ለመደምሰስ ከተሰለፉት ኃይሎች ጋር ወደ ቻይና ዘመተ። መርከቧ ብዙም ውጊያ አላጋጠማትም። ደግሞም የቻይናን ሕዝብ ለመጨቆን የተደረገው ዘመቻ የሚያስመሰግን አይደለም። ነገር ግን የቅኝ ግዛት መርከብ ከጠረፏ ርቃ ማገልገል እንደምትችል ታየ።

ስድስቱ ቅኝ ግዛቶች በ1901 ተዋሕደው ክሬስዌል በ1904 የኅብረቱ የባሕር ኃይል ዲሬክተር ሲሆን የተረከበው ያረጁ መርከቦችን ነበር። ክፍያው በ1902 ስምምነት ወደ 200,000 ፓውንድ አድጎ፣ መርከቦቹንም አድሚራልቲ ወደፈለገው ሥፍራ እንዲወስድ ተፈቅዶለት ነበር። በ1905 ጃፓን የሩሲያን መርከቦች በሹሺማ ስትደመስስ ግን የአውስትራሊያ ፖለቲከኞች ደነገጡ፤ የክሬስዌል ሪፖርቶችም አንባቢ አገኙ። በ1909 የጠቅላይ ሚኒስትር አንድሩ ፊሸር መንግሥት ዲስትሮየሮች አዘዘ። በዚያው ዓመት በለንደን ጉባኤ ላይ ሌላው ፊሸር፣ ማለት የእንግሊዙ አድሚራል፣ አንድ ከባድ የጦር መርከብ፣ ሦስት ክሩዘሮች፣ ስድስት ዲስትሮየሮችና ሦስት ሰርጓጅ መርከቦች ያሉት ሙሉ ጓድ አውስትራሊያ እንድትይዝ ሐሳብ አቀረበ። ለዓመታት ጥቂት ሲለምን ለኖረው ክሬስዌል አሁን የቀረበው ከለመነው በላይ ሆነ። እርሱ ግን ያን ሁሉ መርከብ የሚነዳ ሰው ከየት ይመጣል ብሎ ሠጋ። ሥጋቱም ትክክል ነበር። በ1912 ቲንጊራ የተባለች የማሠልጠኛ መርከብ ለወጣቶች ተዘጋጀች፤ በ1913 የባሕር ኃይል ኮሌጅ በጊሎንግ ከተማ 28 ዕጩ መኮንኖችን ተቀብሎ ተከፈተ። እስከዚያው ከመርከበኞቹ ብዙዎቹ ከእንግሊዝ በውሰት የመጡ ነበሩ።

በ1911 ክሬስዌል ሪር አድሚራል ሆነ፤ ባሕር ኃይሉም በዚያው ዓመት የንጉሣዊ ባሕር ኃይል ስም ተሰጠው። ኦክቶበር 4 ቀን 1913 አውስትራሊያ የተባለችው ባለ 12 ኢንች መድፍ መርከብ ጓዱን እየመራች ሲድኒ ወደብ ስትገባ ሕዝቡ ዳርቻውን ሞልቶ ተመለከተ።

ጦርነቱ ሳይውል ሳያድር ደረሰ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 1914 ኤ ኢ 1 የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ከ35 መርከበኞቿ ጋር በኒው ጊኒ ባሕር ጠፋች፤ የተገኘችውም በ2017 ነው። ኖቬምበር 9 ቀን 1914 ደግሞ ሲድኒ የተባለችው ክሩዘር በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴ መርከቦችን ስታሰጥም የነበረችውን የጀርመን ኤምደን በኮኮስ ደሴቶች አጠገብ መትታ ከዳርቻ ላይ ጣለቻት። በዚያው ሰሞን በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮችን የጫኑ መርከቦች በኤደንና በቀይ ባሕር አድርገው ወደ ግብፅ በማምራት ላይ ነበሩ።

ክሬስዌል ጦርነቱን ያሳለፈው በሜልበርን ጽሕፈት ቤቱ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቹ በጦርነቱ ሞተዋል። በ1919 ጡረታ ወጥቶ ወደ ግብርና ተመለሰ፤ በ1922 የምክትል አድሚራልነት ማዕረግ ተሰጥቶት፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1933 በሜልበርን ከተማ አረፈ። ዛሬ በጀርቪስ ቤይ የሚገኘው የባሕር ኃይል መኮንኖች ማሠልጠኛ ከ1958 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። ፕሮቴክተር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በግጭት ተጎድታ ከጥቅም ውጭ ከሆነች በኋላ የዛገው አካሏ በኩዊንስላንድ ጠረፍ ወደምትገኘው ሄሮን ደሴት ተወስዶ ማዕበል መከለያ ሆነ።