ፕሮፌሰር ኤኖ ሊትማን፦ አብያተ ክርስቲያናቱን በመስታወት ላይ ያቆዩ ሰው

በዚህ የመገናኛ በዓል መጽሔታችን የምናስታውሳቸው ሰው ከቂሊንጦ ግቢያችን ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም ቢባል ማንም አይከራከርም። ኢንጂነር አልነበሩም፤ የቋንቋ ሊቅ ነበሩ። ይሁንና ከግቢያችን ወጥቶ በግንባታ ሥራ የተሰማራ ተመራቂ ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመውን ጥያቄ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከመቶ ዓመት በፊት በሥራ መልሰውታል። ጥያቄው ቀላል ነው፦ አሮጌ ሕንፃ ከመፍረሱ በፊት ምን ይደረግለት? (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤኖ ሊትማን መስከረም 16 ቀን 1875 በሰሜን ጀርመን፣ ኦልደንቡርግ ከተማ ተወለዱ። በ1898 በሃሌ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር የሆኑት በትግረ ቋንቋ ግስ ላይ ባቀረቡት ጥናት ነው። ቀጥሎም በሽትራስቡርግ ከታዋቂው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ከቴዎዶር ኖልደከ ዘንድ ተማሩ። ከ1899 ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካ የምርምር ቡድን ጋር ወደ ሶርያ ዘለቁ። እሳቸው በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ሲገለብጡ፣ ከጎናቸው አርክቴክቶች የፈራረሱ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትን ይለኩና ፎቶ ያነሱ ነበር። ጽሑፍ ብቻውን እንደማይበቃ ያኔውኑ ሳይገባቸው አይቀርም።

በ1905 የአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ወደ ሰሜን ኤርትራ፣ ወደ ማንሳ ሕዝብ ላካቸው። እዚያ ናፍዕ ወድ ዕትማን ከሚባል የአገሬው ተወላጅ ጋር የትግረን ተረትና ግጥም ሰበሰቡ። ናፍዕ በኋላ ወደ ሽትራስቡርግ ሄዶ አብሯቸው ሠርቷል፤ በ1909 ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ባሕር ላይ ሕይወቱ አለፈ። ዛሬ በሊትማን ስም የሚታወቀው ስብስብ የእሱም ድካም ነው።

በዚያው በ1905 በፍሪድሪሽ ሮዘን የተመራ የጀርመን መልእክተኛ ቡድን አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በአክሱም ጥናት እንዲካሄድ ዳግማዊ ምኒልክ ፈቀዱ፤ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም ወጪውን ቻሉ፤ መሪነቱም ለሊትማን ተሰጠ። ቡድኑ 4 ሰው ብቻ ነበር፦ ሊትማን፣ አርክቴክቱ ዳንኤል ክሬንከር፣ ሐኪሙ ኤሪክ ካሽከ፣ እና አርክቴክትም ፎቶ አንሺም የነበረው ቴዎዶር ፎን ሉፕከ። በጥር ወር 1898 ዓ.ም. አክሱም ገብተው ለሦስት ወር ያህል ሠሩ።

እዚህ ላይ ለእኛ ሙያ ቅርብ የሆነው ነገር ይመጣል። ፎን ሉፕከ የመጣው በርሊን ከነበረ ልዩ መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱን በ1885 ያቋቋመው አልብረኽት ማይደንባወር የሚባል የሕንፃ ባለሙያ ነበር። ይህ ሰው ወጣት ሳለ፣ በ1858፣ የቬትስላርን ካቴድራል ሊለካ ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ ለጥቂት ከመውደቅ ተረፈ። ታዲያ ያን ቀን አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ግድግዳው ላይ ከመንጠላጠል ፎቶው ላይ ለምን አንለካም? ካሜራው የቆመበት ቦታና የሌንሱ የትኩረት ርቀት በትክክል ከታወቀ፣ ከሁለት አቅጣጫ በተነሱ ፎቶዎች የሕንፃውን ቁመትና ስፋት በስሌት ማግኘት ይቻላል። ዛሬ ፎቶግራሜትሪ ብለን የምንማረው፣ በድሮን የምንሠራው እኮ መነሻው ይኸው ነው።

ፎቶው በጥቁርና ነጭ፣ በመስታወት ላይ ነበር የሚነሳው። ለገበያ የዋለው የመጀመሪያው ምቹ የቀለም ፎቶ የወጣው ከጉዞው በኋላ፣ በ1907 ስለሆነ ምርጫም አልነበራቸውም። ግን ለዚህ ሥራ ጥቁርና ነጩ አላነሰም። መስታወት እንደ ወረቀት አይሳብም፣ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ልኬቱ ይታመናል። የጥንቱ ግድግዳ ደግሞ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። የእንጨቱ ጥቁረት ከድንጋዩ ንጣት ሲለይ፣ የዝንጀሮ ራስ የምንላቸው የእንጨት ጫፎች ጥላቸውን ሲጥሉ፣ የግንባታው ዘዴ ያለ ቀለም ወለል ብሎ ይታያል።

ቡድኑ አክሱም ጽዮንን ለካ፣ ፎቶ አነሳ። በገመድ ብቻ ከሚወጣበት አምባ ላይ ያለውን የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያንም፣ አራዊት ከተቀረጹበት የእንጨት ጣሪያው ጋር መዘገበ። በአስመራ የነበረውን፣ በዚያው በጥንቱ ዘዴ የተሠራውን የማርያም ቤተ ክርስቲያንም አልዘለለም። ሥራው በ1913 በርሊን ላይ በ4 ቅጽ ታተመ።

ከዚያ የሆነውን እንመልከት። የአስመራው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በ1920 ፈረሰ። ደብረ ዳሞ በእርጅና ተዳክሞ ስለነበር በ1948 እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ ጠገነው። ዛሬ የአስመራውን ሕንፃ አሠራር ማጥናት የሚፈልግ፣ ወይም ደብረ ዳሞ ከጥገናው በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚገልጠው የ1913ቱን መጽሐፍ ነው። ሕንፃው ጠፋ፤ ዕውቀቱ ግን ተረፈ። ከፎቶዎቹና ከሥዕሎቹ ብዙዎቹን ዴቪድ ፊሊፕሰን በ1997 አሰባስቦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በኩል አሳትሟቸዋል።

ሊትማን ከአክሱም በኋላ በሽትራስቡርግ የመምህራቸውን የኖልደከን ወንበር ወረሱ። ካይሮም ሄደው አስተማሩ፤ ታላቁ የግብፅ ጸሐፊ ጣሃ ሁሴን ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበር። ቀጥሎ በጎቲንገንና በቦን፣ ከ1921 ጀምሮም በቱቢንገን አስተማሩ። አንድ ሺህ አንድ ሌሊትን ከዐረብኛ ወደ ጀርመንኛ በ6 ቅጽ መለሱ። በ82 ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1950 ዓ.ም. ቱቢንገን ውስጥ ዐረፉ። በስማቸው ከሚጠሩት ሥራዎች መካከል ለእኛ ለግንባታ ሰዎች ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሌላ ሰው በካሜራ ያነሳው ነው። ትልቅነታቸውም ይኸው ይመስለናል፤ እሳቸው የማይችሉትን የሚችል ሰው አብሯቸው እንዲሠራ አደረጉ።

ወደ እኛ እንመለስ። ከቂሊንጦ ትንሽ ወጣ ሲሉ፣ ወይም በየትውልድ ቀያችን፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ወይም ቆርቆሮ የሆነ ክብ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለ። ምእመናኑ ሰፊና ጠንካራ ሕንፃ ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ዲዛይን ይሠራል፣ አሮጌው ይፈርሳል። ዲዛይኑን የሚሠራው፣ ኮንክሪቱን የሚያስሞላው ብዙ ጊዜ ከእኛው አንዱ ነው። ታዲያ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ በምን ልክ ተከፋፍለው እንደነበር፣ ማገሩ እንዴት እንደታሰረ፣ ጉልላቱ በምን ላይ እንደቆመ የሚያውቁት አናጢ ካረፉ በኋላ ማን ይነግረናል?

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። መጀመሪያ አስተዳዳሪውን ማስፈቀድ፣ የማይገባበትን አለመግባት። ከዚያ ሕንፃውን ዙሪያውን፣ አንዱ ፎቶ ከሌላው እየተደራረበ ማንሳት፤ ከግድግዳው አጠገብ የታወቀ ርዝመት ያለው ዘንግ ማቆም፤ ቀኑንና ቦታውን መጻፍ፤ አንድ ቅጂ ለደብሩ መስጠት፣ አንዱን ለራስ ማስቀረት። ፎን ሉፕከ ከባድ መስታወት በእንስሳት ጭኖ ያደረገውን እኛ በኪሳችን ባለው ስልክ እንችለዋለን።

በሚቀጥለው የመገናኛ በዓላችን እያንዳንዳችን አንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ይዘን ብንመጣስ? በጥቁርና ነጭም ቢሆን፣ በቀለምም ቢሆን፣ ልኬቱ ብቻ አይቅር።