ኒክ ድሬክ፦ ዘርቶ ምርቱን ሳያይ ያለፈው ሙዚቀኛ

እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ኒክ ድሬክ በሕይወት ዘመኑ ሦስት አልበሞችን አሳትሟል። በወጡበት ጊዜ ከ5 ሺህ ቅጂ በላይ የተሸጠ ግን አንድም አልነበረም። በ26 ዓመቱ ሲያልፍም ከቤተሰቡና ከወዳጆቹ ውጭ ሞቱን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ እነዚያው ሦስት አልበሞች በዓለም ዙሪያ ይደመጣሉ፤ ከእሱ ሞት በኋላ የተወለዱ ሙዚቀኞችም እንደ መምህራቸው ይቆጥሩታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒክ ድሬክ የተወለደው በጁን 19 ቀን 1948 በበርማ፣ ራንጉን ከተማ ነው። አባቱ ሮድኒ ድሬክ በእንጨት ንግድ የታወቀ የእንግሊዝ ኩባንያ መሐንዲስ ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ የከተመው በዋሪክሻየር፣ ከበርሚንግሃም በስተደቡብ በምትገኘው ታንዎርዝ ኢን አርደን በተባለች የገጠር መንደር ነው። እናቱ ሞሊ በፒያኖ የራሳቸውን ዜማ እየደረሱ በቤት ውስጥ ያንጎራጉሩ ነበር። ልጃቸው ፒያኖ የተማረው ከእርሳቸው ነው። ታላቅ እኅቱ ጋብሪኤልም በኋላ ስመ ጥር ተዋናይት ሆናለች።

በማርልቦሮ ትምህርት ቤት ሳለ ክላርኔትና ሳክስፎን ተማረ፤ በ1965 ደግሞ የመጀመሪያ ጊታሩን በ13 ፓውንድ ገዛ። በ1967 መጀመሪያ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ ጥቂት ወራት ተቀምጦ ጊታሩን አጠናከረ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ልቡ ግን ከመጻሕፍቱ ይልቅ ወደ ጊታሩ ያዘነብል ነበር። የጊታሩን ክሮች በተለመደው ቅኝት ብቻ አይቃኝም፤ ለብዙዎቹ ዘፈኖቹ የየራሳቸውን ቅኝት ያበጅላቸው ነበር። የአጨዋወቱ ልዩ ቃና የመነጨው ከዚህ ነው።

ለንደን ውስጥ በአንድ ዝግጅት ላይ ሲጫወት ያየው የፌርፖርት ኮንቬንሽን ቡድን አባል አሽሊ ሀቺንግስ ስለ እሱ ለአሜሪካዊው የሙዚቃ አሳታሚ ጆ ቦይድ ነገረው። ቦይድ የዘፈኖቹን ቅጂ እንዳደመጠ ሳያመነታ አስፈረመው። የመጀመሪያው አልበም ፋይቭ ሊቭስ ሌፍት በ1969 ወጣ። የተቀረጸው በለንደን ቼልሲ በሚገኘው ሳውንድ ቴክኒክስ ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው የተቋቋመበት ሕንፃ ቀድሞ የወተት ማከፋፈያ ስለነበረ የላም ራስ ቅርጾች በግድግዳው ላይ ይታዩ ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ የወጣቱ ጽናት ታይቷል። ቦይድ ለክር መሣሪያዎቹ ልምድ ያለው አቀናባሪ ቀጥሮ ነበር። ድሬክ ግን ውጤቱ ከዘፈኖቹ መንፈስ ጋር አልሄደለትም፤ በምትኩ የካምብሪጅ ጓደኛው ሮበርት ከርቢ እንዲሠራው ጠየቀ። ከርቢ ለሸክላ ሙዚቃ አቀናብሮ የማያውቅ ተማሪ ነበር። ሥራው ግን የአልበሙ ጌጥ ሆነ። ሪቨር ማን የተባለውን ዘፈን ሃሪ ሮቢንሰን አቀናበረው፤ ዳኒ ቶምሰን በደብል ቤዝ፣ ሪቻርድ ቶምሰን በኤሌክትሪክ ጊታር ተሳተፉ። አልበሙ በወጣበት ዓመት መገባደጃ ድሬክ ለምረቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ትምህርቱን ተወ።

ሁለተኛው አልበም ብራይተር ሌይተር በ1971 ወጣ። ስያሜው የአየር ትንበያ ተናጋሪዎች ሰማዩ ቆየት ብሎ እንደሚጠራ ሲያበስሩ ከሚጠቀሙበት አባባል የተወሰደ ነው። ከበሮውን ዴቭ ማታክስ፣ ቤዙን ዴቭ ፔግ መቱለት። በኒውዮርክ ከቬልቬት አንደርግራውንድ ቡድን ጋር ይጫወት የነበረው ጆን ኬል ደግሞ በሁለት ዘፈኖች ላይ ቪዮላ፣ ፒያኖና ሌሎች መሣሪያዎችን ተጫውቷል። የሥራውን ጥራት ያመኑ ነበሩ፤ ገበያው ግን ፊቱን አዞረ።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የሙዚቀኛው ዓይን አፋርነት ነበር። በዘፈንና በዘፈን መካከል ጊታሩን እንደገና ለመቃኘት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ በጨዋታ የሚሞላበት አንደበት አልነበረውም። ታዳሚው ማውራት ሲጀምር እሱ ይበልጥ ይሸማቀቃል። ውሎ አድሮ መድረክን ፈጽሞ ተወ። ከሕፃንነቱ ወዲህ ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ ፊልም እስካሁን አልተገኘም።

ቦይድ ድርጅቱን ለአይላንድ ሪከርድስ ሸጦ ወደ አሜሪካ ሲሄድ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። የኒክ ድሬክ አልበሞች ገዢ ኖረም አልኖረ ከሽያጭ ዝርዝር እንዳይወጡ የሚል ነበር። ይህ ውል ዘሩን በጎተራ አቆየው።

በኦክቶበር 1971 ድሬክ የድምፅ ባለሙያውን ጆን ዉድን ብቻ ይዞ በሁለት ሌሊት ፒንክ ሙንን ቀረጸ። አጃቢ የለም፤ ድምፁና ጊታሩ ብቻ ናቸው። በአንድ ዘፈን ላይ የራሱ ፒያኖ ተጨምሮበታል። በ1972 የወጣው ይህ አልበም ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

በዚያን ጊዜ በድባቴ ሕመም ተይዞ ነበር። ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ፤ በ1972 ለሳምንታት ሆስፒታል ተኝቶ ታከመ። ከሰው መነጋገር እየተወ፣ ራሱን መንከባከብ እያቃተው ሄደ። በ1974 እንደገና ስቱዲዮ ሲገባ ጊታሩን እየመታ መዝፈን ስለተሳነው ሁለቱ ለየብቻ ተቀረጹ። በኖቬምበር 25 ቀን 1974 ማለዳ ከታዘዘለት መድኃኒት ከልክ በላይ ወስዶ በመኝታ ክፍሉ አረፈ። መርማሪው ራሱን እንዳጠፋ ወሰነ፤ ከሚያውቁት መካከል ግን ሆን ብሎ ያደረገው መሆኑን የሚጠራጠሩ ነበሩ። በቀብሩ ላይ ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች ተገኙ። ብዙዎቹ የእሱ ወዳጆች ቢሆኑም እርስ በርስ የተዋወቁት በዚያ ዕለት ነው። እያንዳንዱ የሕመሙን ጥቂት ክፋይ አይቶ ነበር፤ አንድ ላይ ተቀምጠው ግን አልመከሩበትም።

ከመጀመሪያው አልበም ዘፈኖች አንዱ ፍሩት ትሪ፣ ማለትም የፍሬ ዛፍ፣ ይባላል፤ ዝና ከሞት በኋላ ስለሚመጣበት ሁኔታ የሚያወሳ ነው። ሥራዎቹ በ1979 ተሰብስበው በዚሁ ስም ታተሙ። በ1980ዎቹ ታዋቂ የሮክ ሙዚቀኞች ስሙን ማንሳት ጀመሩ። በ1999 መጨረሻ ፒንክ ሙን ለቮልስዋገን መኪና ማስታወቂያ ዋለ፤ የአልበሙ ሽያጭ በአሜሪካ በ1999 ከነበረው 6 ሺህ ገደማ በ2000 ወደ 74 ሺህ ገደማ አሻቀበ።

እናቱ ሞሊ ልጃቸውን በ19 ዓመት ገደማ ተርፈው በ1993 አረፉ። በቤት ውስጥ የተቀረጹት የእርሳቸው ዘፈኖችም በኋላ በአልበም ታትመዋል፤ ያደመጧቸው ሰዎች የልጁ ዜማ ከየት እንደተቀዳ ያስተውላሉ። የኒክ ድሬክ አመድ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከኦክ ዛፍ ሥር ተቀብሯል። በሕይወቱ አድማጭ ያጣውን ሰው ፍለጋ ዛሬ ከየአገሩ የሚመጡ እንግዶች የዚያችን መንደር መንገድ ይጠይቃሉ።