ረጅሙን ቃል የከፋፈለው መምህር ኖኅ ዌብስተር

በመቐለ በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ ተማሪ የግዕዝ ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ እንዳለው ያውቃል። ድምፁ ያለ ቦታው ቢነሣ ወይም ቢወድቅ ንባቡ ይበላሻል፤ የኔታም ይቈጣሉ። ያው ተማሪ እንግሊዝኛ ሲያነብ ግን ረጅሙ ቃል የት እንደሚከፈልና ድምፁ የት ላይ እንደሚበረታ ፊደሉ አይነግረውም። ይህን ችግር ለማቃለል ብዙ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ኖኅ ዌብስተር ነው።

ዌብስተር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1758 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮኔቲከት ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበሩ፤ ልጃቸውን በየል ኮሌጅ ለማስተማር ሲሉ እርሻቸውን በመያዣ ሰጥተው ተበደሩ። እርሱም በ1778 ትምህርቱን ጨርሶ አስተማሪ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ልጆች የሚማሩበት መጽሐፍ ዲልወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የጻፈው ነበር። አከፋፈሉም ከአፍ አነጋገር ጋር አይስማማም ነበር። ለምሳሌ አፍ ባንድ ጊዜ «ሽን» የሚለውን የቃል መጨረሻ መጽሐፉ «ቲ» እና «ኦን» ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። ዌብስተር በ1783 ባሳተመው የፊደል መማሪያ ግን ቃልን እንደ አነጋገሩ ከፈለ፤ ቃላቱንም በክፍላቸው ብዛትና ድምፁ በሚበረታበት ቦታ ለይቶ መደበ። በዚህ አከፋፈል ኤ-ዱ-ኬ-ሽን አራት ክፍል ነው፤ ብርታቱም በ«ኬ» ላይ ነው። እንዲህ በ«ሽን» የሚያልቅ ረጅም ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከ«ሽን» በፊት ባለው ክፍል ነው። ስለዚህ «አድሚኒስትሬሽን» የሚል የመሥሪያ ቤት ሰው ድምፁን በ«ትሬ» ላይ ያንሣ።

መጽሐፉ ባለፉት ዘመናት በብዙ አሥር ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ዌብስተር ግን በዚህ አላረፈም። ከሃያ ዓመት በላይ ደክሞ 70,000 ያህል ቃላት የያዘውን ትልቁን መዝገበ ቃላት በ1828፣ በ70 ዓመቱ አሳተመ። የቃላትን ሥር ሲመረምርም የእኛን ግዕዝ ሳይቀር ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር አነጻጸረ፤ ነገር ግን ብዙው ግምቱ ኋላ በሊቃውንት ታርሟል። መዝገበ ቃላቱ ውድ ስለ ነበረ ገዢው ጥቂት ሆነ፤ ሁለተኛውን እትም ለማውጣት ሽማግሌው ቤቱን በመያዣ ሰጠ። አባቱ ለልጃቸው ትምህርት ያደረጉትን ልጁ ለመጽሐፉ ደገመው። በ1843ም በ84 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፣ ረጅም ቃል ሲገጥምህ አትደንግጥ። መዝገበ ቃላትህን ገልጠህ የተከፈለበትን ቦታና የብርታቱን ምልክት ተመልከት፤ ከዚያም በየኔታ ፊት እንደምታነበው ድምፁን በቦታው አንሣ።