ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ (1857 ዓ.ም. ገደማ – መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም.) ዘመናዊ ሕክምናን ተምረው በሙያው የሠሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው። በውጭ አገር ሰነዶች የሚታወቁት ዶክተር ቻርልስ ማርቲን በሚለው ስም ነው። ከሕክምና ሌላ በዳኝነት፣ በትምህርት፣ በአውራጃ አስተዳደርና በዲፕሎማሲ አገራቸውን አገልግለዋል። በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ተወስደው ሕንድ ውስጥ ስላደጉ፣ የሕይወታቸው ትልቁ ክፍል ያለፈው ወደ ተወለዱበት አገር ለመመለስና ተመልሰውም ለመቆየት በተደረገ ጥረት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብለው የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የአውሮፓ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በሚል ተለይቷል።

የልጅነት ዘመን

ወርቅነህ የተወለዱት ጎንደር ነው። ገና የሦስት ዓመት ልጅ ገደማ ሳሉ በጄኔራል ናፒዬር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ወደ ኢትዮጵያ ዘመተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትያዝ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። በዚያ ቀን ግርግር ሕፃኑ ወርቅነህ ከቤተሰቡ ተለይቶ በእንግሊዝ ወታደሮች እጅ ገባ።

ከመቅደላ ከተወሰዱት ልጆች መካከል በታሪክ በይበልጥ የሚታወቀው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። እርሱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ አገሩን ዳግም ሳያይ በ18 ዓመቱ ሞተ። የወርቅነህ ዕጣ ግን ሌላ ሆነ። ከዘመቻው ጦር ብዙው ክፍል የመጣው ከሕንድ ስለነበር፣ ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባሉ መኰንን ልጁን ይዘውት ወደ ሕንድ ተመለሱ። ኮሎኔሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞቱ ኮሎኔል ማርቲን የተባሉ ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ሸፈኑ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም የተገኘው ከእነዚህ ሁለት አሳዳጊዎች ነው፤ የመጀመሪያው የቻምበርሌን፣ ሁለተኛው የማርቲን መታሰቢያ ሆኖ ቀረ።

ልጁ አምሪትሳር በሚገኝ የሚስዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። አማርኛን ፈጽሞ ረሳ። ስለ ትውልዱ የሚያውቀው ከኢትዮጵያ የመጣ መሆኑን ብቻ ነበር።

የሕክምና ትምህርትና የበርማ አገልግሎት

ወርቅነህ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተምረው በ1874 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1882) ተመረቁ። ላሆር ዛሬ በፓኪስታን የምትገኝ ከተማ ስትሆን በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሕንድ ሥር ነበረች። ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ሄደው በኤደንብራና በግላስጎ ትምህርታቸውን በማጠናከር ተጨማሪ የሙያ ፈቃድ አገኙ። ከዚያም በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አስተዳደር ተቀጥረው በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነው መሥራት ጀመሩ።

ወርቅነህ ሙያቸውን ሲይዙ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም የዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም። ሕዝቡ የሚታከመው በወጌሻ፣ በመድኃኒት ዐዋቂ፣ በፍል ውሃና በጠበል ነበር። ለኮሶ ትል የኮሶ አበባ፣ ለተሰበረ አጥንት የወጌሻ እጅ የታወቀ ፈውስ ነበር፤ ፈንጣጣና ተስቦ ሲነሡ ግን መንደር ሙሉ ያልቅ ነበር። ዘመናዊ ሕክምና የሚሰጡት ከውጭ የመጡ ሚስዮናውያንና የሌጋሲዮን ሐኪሞች ብቻ ነበሩ። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን መጥቶ ቁስለኞችን ማከሙና በአዲስ አበባ ሆስፒታል መክፈቱ ለብዙ ሰው የመጀመሪያው የዘመናዊ ሕክምና ትውውቅ ሆነ።

ወደ ኢትዮጵያ መመለስ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል ዜና በበርማ የነበሩትን ሐኪም ወደ ትውልድ አገራቸው እንዲያስቡ አደረጋቸው። ፈቃድ ወስደው በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ደረሱ። በድንኳን ውስጥ ሆነው የመጣውን በሽተኛ ሁሉ ማከም ጀመሩ። ከውጭ የመጣው ሐኪም መልኩ ኢትዮጵያዊ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ በከተማው ወሬ ሆነ።

ይህ ወሬ ለአያታቸው ጆሮ ደረሰ። አሮጊቷ ከ30 ዓመት በፊት መቅደላ ላይ የጠፋው የልጅ ልጃቸው ሊሆን ይችላል ብለው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ሕፃኑ ከመጥፋቱ በፊት በአካሉ ላይ የነበሩትን ጠባሳዎች ያስታውሱ ስለነበር፣ በዚያ ምልክት እንደለዩአቸው ይነገራል። ሐኪሙ ዘመዶቻቸውን ያገኙትና ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውን መልሰው የያዙት በዚህ ሁኔታ ነው።

ይሁን እንጂ ሐኪም ወርቅነህ በዚህ ጊዜ መቆየት አልቻሉም። ደመወዛቸውም የጡረታ መብታቸውም ያለው በእንግሊዝ መንግሥት ዘንድ ነበር። በሶማሌ ምድር በመሐመድ አብዱሌ ሐሰን ላይ ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ጋር በሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ ፈቃዳቸው ስላለቀ እ.ኤ.አ. በ1901 ወደ በርማ ተመለሱ።

ሁለተኛው ምልልስና የኅዳር በሽታ

በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ። ይህ ዘመን አፄ ምኒልክ በጠና የታመሙበት ነበርና ንጉሠ ነገሥቱን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። በዚሁ ቆይታቸው ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በአዲስ አበባ የምኒልክ ሆስፒታል ሥራ የጀመረውም በ1902 ዓ.ም. ገደማ ነው።

በዚህ ወቅት የሐኪም ወርቅነህ አቋም ቀላል አልነበረም። በትውልድ ኢትዮጵያዊ፣ በዜግነት ግን የእንግሊዝ ተገዥ ነበሩ። በቤተ መንግሥት ሲገቡ የሌጋሲዮኑ ሰው፣ በሌጋሲዮኑ ዘንድ ደግሞ የአገሬው ሰው ተደርገው ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ቀሪ አገልግሎታቸውን ለመፈጸም ዳግመኛ ወደ በርማ ሄዱ።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖችን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ የጠራው ይህ ወረርሽኝ በከተማዋ ብዙ ሺህ ሰዎችን ገደለ፤ ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ እስከ መቅረት ደረሰ። ኋላ ሕዳር ሲታጠን እየተባለ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ የማቃጠል ልማድ ከዚህ በሽታ መታሰቢያነት ጋር ይያያዛል። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል የውጭ ዜጎች ናቸው። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት ኢትዮጵያዊ ሐኪም የመጨረሻ የአገልግሎት ጊዜያቸውን በበርማ እየፈጸሙ ነበር።

የመንግሥት አገልግሎት

እ.ኤ.አ. በ1919 ጡረታ ወጥተው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ይህኛው መመለስ ለመኖር ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በውጭ የተማሩ ሰዎችን ይፈልጉ ስለነበር ሐኪም ወርቅነህን በተለያዩ ሥራዎች አሰማሩዋቸው። የውጭ ዜጎችና ኢትዮጵያውያን የሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ከአዲስ አበባ ፍል ውሃ ልማትና ከመንገድ ሥራም ጋር ስማቸው ይነሣል።

በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች በተቋቋመው ትምህርት ቤትም ከዋነኞቹ መሪዎች አንዱ ነበሩ። ለተማሪዎች በአማርኛ የተጻፈ የጂኦግራፊ መጽሐፍም አሳትመዋል። አማርኛን በጉልምስና ዕድሜያቸው እንደ አዲስ የተማሩ ሰው በዚሁ ቋንቋ የመማሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀታቸው የጥረታቸውን መጠን ያሳያል።

በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ በመንግሥት ተልከው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ተልእኳቸው በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ስለሚሠራ ግድብ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒው ዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር መነጋገር ነበር። በዚሁ ጉዞ ሃርለም ሄደው የተማሩና የእጅ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን መጥተው በኢትዮጵያ እንዲሠሩ ጋብዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1930 የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ። ጨርጨር ከአርሲ ደጋ በስተምሥራቅ የሚገኝ ቡና አብቃይ ተራራማ አገር ሲሆን ዋና ከተማው አሰበ ተፈሪ (የዛሬው ጭሮ) ነው። ከእርሳቸው በፊት አውራጃውን ያስተዳደሩትና ከተማዋን የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ጨርጨር በዚያ ዘመን ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ነበርና ሐኪም ወርቅነህ የተማሩ ወጣቶችን ይዘው አስተዳደሩን በአዲስ ሥርዓት ለመምራት ሞክረዋል።

የለንደን ዓመታትና የልጆቻቸው ሞት

የኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ባለሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ዕድሜያቸው 70 ዓመት ደርሶ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር የነበረው የሕክምና አገልግሎት እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ጠላት የመርዝ ጋዝ ይጠቀም፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸውንም የሕክምና ጣቢያዎች በቦምብ ይመታ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ በየስብሰባው እየቀረቡ የአገራቸውን ጉዳይ ያስረዱ፣ ለቁስለኞችና ለመከላከያ የሚውል ገንዘብም ያሰባስቡ ነበር።

ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር የምህንድስና ትምህርት ተምረው ጦርነቱ ሲቃረብ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ነበር። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ የተማሩ ወጣቶችና መኰንኖች ካቋቋሙት የጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰለፉ። ጦሩ እጁን ከሰጠ በኋላ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ፋሺስቶቹ የተማሩ ኢትዮጵያውያንን እየለቀሙ ገደሉ፤ ሁለቱ ወንድማማቾችም በዚያ ተገደሉ። አባታቸው መርዶውን የሰሙት በስደት ሳሉ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ከለንደን በኋላ ወዳደጉባት ሕንድ ሄደው ከቆዩ በኋላ፣ ኢትዮጵያ ነፃ ስትወጣ በ1934 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራቸው ገቡ። የመጨረሻ ዓመታቸውን በአዲስ አበባ አሳልፈው መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

በሕክምና ታሪክ ያላቸው ቦታ

ሐኪም ወርቅነህ በላሆር ከተመረቁ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 መላኩ በያን በአሜሪካ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሐኪምነት ተመረቁ። በመካከሉ ያለው ረጅም ጊዜ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለመሆን ባሕር መሻገርና የሌላ አገር ድጋፍ ማግኘት የግድ የነበረበት ዘመን ነው። ድጋፉ ደግሞ ግዴታ ነበረው። ሐኪም ወርቅነህ ለሕክምና ሙያ ብርቱ የሆኑበትን አብዛኛውን ዘመን ያሳለፉት በበርማ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው በአመዛኙ በጡረታ ዘመናቸው ነው። በዚያን ጊዜም አገሪቱ የተማረ ሰው ከሁሉ አቅጣጫ ስለቸገራት፣ ሐኪሙ ከበሽተኛ ይልቅ በፍርድ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በአውራጃ ጽሕፈት ቤት ተፈለጉ።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው ሥልጠናው አገር ውስጥ ሲጀመር ነው። እርሳቸው ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በትውልድ ከተማቸው በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ቀጥሎ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ዛሬ ሥልጠናው ወደ ክፍላተ አገሩ ወርዷል። በአርሲ ደጋ ከበቆጂ ወይም ከጢቾ የመጣ ተማሪ ከአካባቢው ሳይርቅ በአሰላ፣ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሕክምና ሊማርና በከተማዋ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሊለማመድ ይችላል።

በሕዝብ ዘንድ የቀረላቸው መጠሪያ ግን የዳኝነቱም የገዥነቱም የሚኒስትርነቱም ማዕርግ አይደለም። ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው ሐኪም ወርቅነህ ተብሎ ነው።