ፕሮግራምን ሳያቆሙ ማረም፦ የጆን ማካርቲ ሕይወት

ደብረ ኤልያስ ተወልጄ ያደግሁ እንደመሆኔ የቅኔ ቤት ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ ከሳተ የኔታ እዚያው ያርሙታል፤ እሱም አስተካክሎ ይቀጥላል። ኮምፒውተር ስንማር ግን ብዙዎቻችን ፕሮግራም የጻፍነው ወረቀት ላይ ነው። ትክክል መሆኑን የምናውቀው የማሽን ተራ ሲደርሰን ብቻ ነበር። ታዲያ ሰው ከፕሮግራሙ ጋር እንደ ቅኔ ቤቱ እንዲነጋገር መንገድ የከፈቱት ማን ናቸው ቢባል፣ ከፊተኞቹ አንዱ ፕሮፌሰር ጆን ማካርቲ ናቸው።

ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1927 ቦስተን ተወለዱ። አባታቸው ከአየርላንድ፣ እናታቸው ከሊትዌኒያ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ገና በወጣትነታቸው የኮሌጅ የሂሳብ መጻሕፍትን ለብቻቸው አጥንተው ስለነበር ካልቴክ ሲገቡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የሂሳብ ትምህርት ዘለሉ። በ1951 ከፕሪንስተን የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ።

በዚያ ዘመን ፕሮግራም ካርድ ላይ እየተበሳ ለማሽን ቤት ሠራተኛ ይሰጥ ነበር። መልሱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ይመጣል። አንዲት ነጥብ ከተሳሳተች እንደገና ከሀ መጀመር ነው!

ማካርቲ በ1958 ኤምአይቲ ሳሉ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ጀመሩ። በሊስፕ ፕሮግራሙ ራሱ እንደ ዳታ በዝርዝር መልክ ይጻፋል። ስለዚህ ፕሮግራምን ተቀብሎ የሚያሰላ ሌላ ፕሮግራም መሥራት ይቻላል። ማካርቲ ይህን ለንድፈ ሐሳብ ብለው ወረቀት ላይ ቢጽፉትም ስቲቭ ራስል የተባለው ባልደረባቸው አይቢኤም 704 ላይ በተግባር አዋለው። ከዚህ የተነሣ አንድ መስመር ጽፎ ወዲያው መልስ ማየት፣ አንዱን ፈንክሽን ለውጦ ሌላውን ሳይነኩ መቀጠል ተቻለ። ማሽኑ ውድ ስለነበር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጋራው በ1959 ሐሳብ ያቀረቡትም እሳቸው ናቸው። ሁሉን ብቻቸውን ሠሩት ማለቴ ግን አይደለም፤ በ1970ዎቹ የዜሮክስ ተመራማሪዎች በስሞልቶክ ነገሩን ብዙ አራምደውታል።

ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1999 ዲፕ ስፔስ 1 የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በሚሊዮን የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለ በሊስፕ የተጻፈው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ተሰናከለ። መሐንዲሶቹ እዚያው እየሠራ ካለው ፕሮግራም ጋር ከምድር ሆነው እየተነጋገሩ ስሕተቱን አገኙት። ሄዶ የሚያጠፋና የሚያበራ ሰው የለም ኮ!

ጥንቃቄም ይፈልጋል። ማስታወሻው ውስጥ ብቻ የታረመ ነገር ፋይሉ ላይ ካልተጻፈ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ማካርቲ ከ1962 ጀምሮ በስታንፎርድ አስተማሩ፤ በ1971 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2011 በ84 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ ፓይተን ከፍተን አንድ መስመር ጽፈን ወዲያው መልስ ስናይ የእሳቸውም ድካም አለበት። እኔ ከሕይወታቸው የተማርኩት፣ ተማሪን የሚያጎብዘው እርማቱ ቶሎ መድረሱ እንደሆነ ነው። የኔታ ይህን ከጥንትም ያውቁታል፤ የፕሮግራም ትምህርታችንም በዚሁ መንገድ ቢሄድ መልካም ነው እላለሁ።