አልዶ ሊዮፖልድ፦ ተኩላ ገዳዩ ዛፍ ተካይ

ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ማስፈራሪያ ነው። በረሃው መጣ፣ ደኑ አለቀ፣ ሙቀቱ ጨመረ ይባላል። ሁሉም እውነት ቢሆንም እኔን በግሌ አንድ ችግኝ እንኳ ውኃ እንዳጠጣ አላደረገኝም። አንድ ክረምት ከጓደኞቼ ጋር ችግኝ ተክዬ ነበር፤ ፎቶም ተነሥተንበታል። ከዚያ ወዲያ ግን ተመልሼ አላየሁትም። ታዲያ አንድ ሰው ለተፈጥሮ አስቦ ኑሮውን በዚያው እንዲመራ የሚያደርገው ምንድን ነው? የአሜሪካዊው የአልዶ ሊዮፖልድ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ስለመሰለኝ ለዲፓርትመንታችን መጽሔት አንባቢያን በአጭሩ ላቅርበው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሊዮፖልድ በ1887 ዓ.ም. በአዮዋ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በርሊንግተን ከተማ ተወለደ። አባቱ የጽሕፈት ጠረጴዛ ፋብሪካ የነበረው ሰው ሲሆን አደን በጣም ይወድ ነበር፤ ልጁንም ወደ አደን ይዞት ይሄድ ነበር። ሆኖም ወፎች በሚራቡበት በጸደይ ወራት ሕግ ሳያስገድደው አደኑን በራሱ ፈቃድ ተወ። ልጁ ይህን እያየ ነው ያደገው። እንደ እኔ ግምት የኋላው ሊዮፖልድ ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

በ1909 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በደን ሙያ ማስተርሱን ይዞ በአሜሪካ የደን አገልግሎት ተቀጠረና ወደ አሪዞና ተላከ። በዚያ ዘመን ተኩላ ጠላት ነው። ስሌቱ ቀላል ነበር፦ ተኩላ ካነሰ አጋዘን ይበዛል፣ አጋዘን ከበዛ ደግሞ ለአዳኝ ገነት ነው። አንድ ቀን ሊዮፖልድና ጓዶቹ ገደል አፋፍ ላይ ሆነው ምሳ ሲበሉ ከሥራቸው ባለው ወንዝ አንድ እንስሳ ሲሻገር አዩ። አጋዘን መስሏቸው ነበር። ከውኃው ስትወጣ ግን ተኩላ ናት፤ ልጆቿም እየዘለሉ ተቀበሏት። ሰዎቹ ጠመንጃቸውን አንሥተው ጥይታቸው እስኪያልቅ ተኮሱ። ሊዮፖልድ ወርዶ አሮጊቷ ተኩላ ጋ ሲደርስ ነፍሷ ገና አልወጣችም ነበር። በዓይኗ ውስጥ የነበረው አረንጓዴ ብርሃን ቀስ እያለ ሲጠፋ አየ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ያምር ነበር። ግን አልሆነም። ከዚያ በኋላም ለዓመታት ተኩላ ጭራሽ እንዲጠፋ ሲቀሰቅስ ኖሯል እኮ! ስለዚያች ተኩላ የጻፈው በ1944፣ ማለትም ከ35 ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ብዙ ነገር ታዘበ። ተኩላ በጠፋበት ተራራ አጋዘኑ ተራብቶ ቁጥቋጦውን ሁሉ ግጦ ሲጨርስ፣ በኋላም ራሱ በረሃብ ሲያልቅ አየ። ስሌቱ ስህተት ነበር፤ ከተሳሳቱት አንዱም እሱ ነው። ይህን ማመኑ ደግሞ በነፃ አልሆነለትም። በ1943 የዊስኮንሲን ግዛት የተፈጥሮ ጥበቃ ኮሚሽን አባል ሆኖ የአጋዘኑ ቁጥር፣ ሴቶቹም ጭምር፣ በአደን እንዲቀነስ ሲደግፍ አዳኞች ተነሡበት፤ ስሙንም በሰፊው አብጠለጠሉት።

በሥራው ያደረጋቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። በ1924 በኒው ሜክሲኮ የጊላ ደን ሰፊ ክፍል መንገድ ሳይገባበት በዱርነቱ እንዲጠበቅ የተወሰነው በእሱ ሐሳብ አመንጪነት ነው። በ1933 ደግሞ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት አያያዝ ፕሮፌሰር ሆነ። እኔን የገረመኝ ግን ቅዳሜና እሑድ የሚያደርገው ነው።

በ1935 በዊስኮንሲን ወንዝ አጠገብ አንድ እርሻ ገዛ። መሬቱ በበቆሎ ብዛት ተሟጦ አሸዋ ሆኖ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ነው። መኖሪያ ቤቱ ተቃጥሎ የቀረው ፍግ የሞላበት የዶሮ ቤት ብቻ ነበር። መጀመሪያ ያሰበው እንኳን ለአደን ማረፊያ ነበር። ከሚስቱ ከኤስቴላና ከአምስት ልጆቻቸው ጋር ፍጉን በአካፋ ጠርገው የዶሮ ቤቱን ጎጆ አደረጉት። መብራት የለም፣ የቧንቧ ውኃ የለም። የተጎዳውን መሬት ሲያዩት ግን ዝም ብለው መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ በ1936 ጸደይ በሺህ የሚቆጠር የፓይን ችግኝ ተከሉ። በዚያው ዓመት ድርቅ ገባና አብዛኛው ደረቀ። ምን አደረጉ? በሚቀጥለው ጸደይ እንደገና ተከሉ። ያም ሲደርቅ ሌላ ተከሉ። እንዲህ እያሉ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ዛፍ ተከሉ። ፎቶ የተነሣሁበትን ችግኝ ሳስብ አፈርኩ።

ሊዮፖልድ እዚያ ሲያድር ጎህ ሳይቀድ ይነሣል። ቡናውንና ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ውጭ ይቀመጥና የትኛው ወፍ ቀድሞ እንደ ጮኸ ይመዘግባል። የትኛው አበባ በየትኛው ቀን እንደ ፈነዳ፣ የወንዙ በረዶ መቼ እንደ ቀለጠም ይጽፋል። ማንም አላዘዘውም።

ስለዚህ ሁሉ የጻፈውን መጽሐፍ አሳታሚዎች ደጋግመው መለሱበት። በኤፕሪል 1948 አንድ አሳታሚ በመጨረሻ ተቀበለው። ከሳምንት በኋላ፣ ኤፕሪል 21 ቀን፣ ከጎረቤት እርሻ የተነሣ እሳት ሣሩን ይዞ ወደ ዛፎቹ ሲመጣ ሊያጠፋ ወጣ። እዚያው እሳቱ መሐል ልቡ ቆመ። 61 ዓመቱ ነበር። መጽሐፉ በ1949 በልጁ በሉና ክትትል ታተመ።

ልጁ ኒና በ1976 ወደዚያው አካባቢ ተመልሳ ኖረች፤ አባቷ ያቆመውን የአበባና የወፍ ምዝገባም ቀጠለችበት። በ1999 ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆና የሁለቱን ዘመን መዝገብ አስተያይታ ባሳተመችው ጥናት፣ በዚያ እርሻ ላይ በርካታ የጸደይ ምልክቶች ከአባቷ ጊዜ ይልቅ ቀድመው እንደሚታዩ አሳየች።