የደጋ ወፎቻችንን የመዘገበው ኤድዋርድ ሩፔል

በአዲስ አበባ ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነሥቶ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ የሚወጣ ሰው ቀና ብሎ ቢመለከት፣ በማጅራታቸው ላይ ነጭ ቀለም ያለባቸው ግራጫ እርግቦች በሕንፃ ክፈፍ ላይ ተደርድረው ያያል። እነዚህ እርግቦች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። በሳይንስ መዝገብ ያስገባቸው ግን አዲስ አበባን ከቶ ያላየ፣ ከተማይቱም ከመቆርቆሯ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሞተ ጀርመናዊ ነው። ስሙም ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል።

ሩፔል በ1794 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። (በዚህ ታሪክ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የታሰበለት ሙያ ንግድ ነበር። ይሁን እንጂ በ1817 ወደ ሲና በተጓዘ ጊዜ የተፈጥሮ ነገር ልቡን ስለ ማረከው፣ ንግዱን ትቶ በኢጣሊያ አገር በፓቪያና በጄኖቫ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት ተማረ። ከዚያም ግብፅን፣ ኑብያንና ኮርዶፋንን ለዓመታት ዞሮ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ1831 በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበር መንገዱ አስጊ ነበር፤ መንገደኛ በየአውራጃው የገዢውን ፈቃድና የሚያጅበውን ሰው መሻት ነበረበት። ሩፔል ግን ወደ ኋላ አላለም። በስሜን ተራሮች ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን አገኘ። ለዋልያ ባወጣለት የሳይንስ ስም ውስጥ የአገሬውን ቃል እንዳለ አስገባው፤ ይህም በዚያ ዘመን ተመራማሪዎች ዘንድ ዘወትር የማይገኝ ጨዋነት ነው። በ1832 ጎንደር ገብቶ ብዙ ወራት ተቀመጠ፤ የብራና መጻሕፍትንም ሰበሰበ። አደባባዩ በስሙ የተጠራለት ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያን ጊዜ ካሣ ኃይሉ የሚባል ገና ልጅ ነበር።

ሩፔል በ1834 ወደ አውሮፓ ሲመለስ የያዘው የአእዋፍ ቆዳ ለዓመታት የሚበቃ ሥራ ሆነለት። ከ1835 እስከ 1840 ባሳተመው መጽሐፍ ነጭ ማጅራቷን እርግብ፣ ወፍራም ምንቃር ያለውን ታላቅ ቁራ፣ እንዲሁም ምንቃሯ ረጅምና ቆልማማ የሆነውን፣ ከጉሮሮዋ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልባትን ጯኺ ወፍ ገለጸ። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሲሸልመው፣ ይህን ክብር ካገኙት የውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያው ነበር።

ነገር ግን የደረቀ ቆዳ የሚናገረው የላባን ቀለምና የምንቃርን ርዝመት ነው። ጎጆ እንዴት እንደሚሠራ፣ ጫጩትን ማን እንደሚመግብ አይናገርም። ይህን ለማወቅ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ መንገደኛ ደግሞ ጊዜ የለውም። የጎደለውን ከእርሱ በኋላ የመጡ ሞሉት። ነጭ ማጅራቷ እርግብ ጥንት የገደል ወፍ ናት፤ ከተማ ሲሠራ የድንጋይ ግንብንና የጣሪያ ሥርን እንደ ገደል ቈጥራ ጎጆዋን በዚያ ጣለች። እንደ እርግብ ወገን ሁሉ ወንዱም ሴቷም በተራ ይታቀፋሉ፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉም ሁለቱም በጉሮሯቸው ሥር ካለው ከረጢት የሚያመነጩትን አይብ መሰል ምግብ ያጎርሷቸዋል። ባለ ቆልማማ ምንቃሯ ወፍ በበኩሏ ከባልንጀሮቿ ጋር ተሰብስባ በገደል ላይ በጭራሮ ጎጆ ትሠራለች፤ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የሩፔልን ስም የተሸከመው ጥንብ አንሳ ነው። ስሙን በ1852 ያወጣለት አልፍሬድ ብሬም የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ነው። ይህ አሞራ እጅግ ከፍ ብሎ ከመብረሩ የተነሣ፣ በ1973 አንዱ በኮትዲቯር ሰማይ በ11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። አራቢነቱ ግን እጅግ አዝጋሚ ነው። በገደል ላይ የምትጣለው እንቁላል አንዲት ብቻ ናት፤ ወላጆቹ ሁለት ወር ያህል ይታቀፏታል፤ ጫጩቱ ለመብረር አምስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ አራዊትን ለመግደል በተመረዘ በድን አንድ መንጋ ቢያልቅ፣ ምትኩ ቶሎ አይገኝም። በ2015 ይህ አሞራ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት መካከል ተመዘገበ።

ሩፔል ወደ ኢትዮጵያ ዳግመኛ አልመጣም። በስተርጅናው ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞች ጥናት አዘነበለ፤ በ1884 በተወለደበት ከተማ በ90 ዓመት ዕድሜው አረፈ። ከደጋችን የወሰዳቸው ወፎች ቆዳ በፍራንክፈርት በዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ተቀምጧል።